ከሐኪሟ ቃል ያስቀረሁት

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን በደል ለሰው ቀርቶ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚህ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሳገለግል አንዲት መሥመር አጉድዬ ደብዳቤ አላሳለፍኩም። ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ግን አጎደልኩ።

ከሰባት ዓመት በፊት እንቅልፍ አጣች፤ ድንገተኛ ሙቀት እየተነሣባት በላብ ትጠመቅ ጀመር። ወደ ሃውስአርትስ፣ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችን፣ ሄድን። የሕክምናው ሆላንድኛ ስለሚከብዳት አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳች፦ አንጎል በደም በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ እንቁላል የሚያመነጩት እጢዎች ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ይሠራሉ፤ መጠኑ ሲበቃ አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል፣ ሲያንስ ይጨምራል። ያለልክ ሲበዛ የማሕፀንን ግድግዳ ያወፍራል፤ ሲጎድል እንቅልፍ ይነሣል፣ አጥንት ያሳሳል። ሴት ስታርጥ እጢዎቹ ይደክማሉ፣ ሚዛኑም ይናጋል፤ ሕክምና ግን አለው። ከመሥሪያ ቤቴ የተሻለ አሠራር ነው ብዬ ተደነቅሁ።

ታዲያ ምን ተረጎምኩ? «ደክሞሻል፣ ዕረፊ ትልሻለች።» ይኸው ብቻ! ስለ ማሕፀን በሐኪም ፊት ለመናገር አፈርኩ።

ሁለት ዓመት ተሠቃየች። ዞተርሜር፣ በአረጋውያን ማረፊያ ወጥ ቤት የነበራትን የምትወደውን ሥራ ተወች። በኋላ ልጃችን ሳምራዊት ሮተርዳም ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ የሚስማማት መድኃኒት ተሰጣት፤ እንቅልፏም ሣቋም ተመለሱ። የመጀመሪያዋን ሐኪም ግን «ምንም ያልነገረችኝ!» እያለች ስትወቅሳት ኖረች። እኔስ? እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ። ከሁለቱ በደሎቼ የትኛው ይከፋል?

እሑድ ዕለት የዚያች ሐኪም የጡረታ መሸኛ ጥሪ ደረሰን። «ለእሷ ነው የምሄደው? አላደርገውም!» አለች ጥሩወርቅ። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ።

ልትጠይቀን የመጣችው፣ እዚሁ ሆላንድ ያደገችው ሳምራዊት ቀደመች፦ «አባዬ፣ ማሕፀን ማለት አፍረህ ነው? እኔ ታዲያ ከየት የመጣሁ መሰለህ?»

ጥሩወርቅ ሣቋ አመለጣት። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «በል፣ አሁን በሙሉ ተርጉምልኝ። አንዲት ቃል እንዳታስቀር፣ አቶ አስተርጓሚ!»

ተረጎምኩ። ማሕፀን ላይ ስደርስ ግንባሬን አላበኝ።

«እሰይ! ሙቀቱ ወደ አንተ ዞረ!» ብላ በናፕኪን አራገበችልኝ። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሣቅን።

ዓርብ አበባ ይዘን ወደ መሸኛው እንሄዳለን። ሐኪሟን ይቅርታ የምጠይቃት እኔው ነኝ። ጥሩወርቅ ስቃልኛለች፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» ግን ገና አላለችኝም፤ አላስቸኩላትም። አፍሬ ነው ብዬም አላመካኝም፤ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸው ነበር።