የእናቴ ሰባት ኪሎ

እህቴ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ሰሞን እናቴ ከነገሌ ሄዳ ልታርሳት ቆርጣ ተነሣች። ወገቧ የሁለት ቀን አውቶቡስ ስለማይችል የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩላት። ያኔ እዚያው ነገሌ አስተማሪ ነበርኩ። በትኬቱ ላይ ጎማ ያለው ሰማያዊ ሻንጣ ጨምሬ ገዛሁላትና ኮራሁ።

«በእጅሽ የምትይዢው ከሰባት ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሌላው ከሥር ይጫናል» አልኳት።

«ከሥር ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም።»

«እንግዲያው ልብሴ ከሥር ይሂድ። የአራስ ነገር ግን ከእጄ አይወጣም።»

የአራስ ነገር ያለችው ከአሬሮ ያስመጣችውን ቅቤ፣ በሶ፣ ቋንጣና የሕፃኑን ብርድ ልብስ ነው። ዳዊቷንም አብራ ከተተች።

ቤታችን ሚዛን ስለሌለ ሻንጣውን እየጎተትኩ፣ እሷም ዘንቢሏን ይዛ ወደ ሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ሄድን። ሰውየው የቦረና ሰው ነው፤ ከአባቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበረው።

«አካም፣ ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቃት።

«ናጋ። እስቲ ይህን መዝንልኝ።»

ሻንጣውን እንደ ፍየል መንጠቆው ላይ ሰቀለው። «አሥር ተኩል» አለ። «እናቴ፣ ሥጋ ቢሆን ቆርጬ እቀንስልዎት ነበር።»

ሥጋ ሊገዙ የመጡት ሁሉ ሥጋቸውን ትተው መካሪ ሆኑ። አንዱ ቋንጣው ይቅር አለ። ሌላው፣ «ዳዊቱን በቃልዎ ይድገሙት» አላት።

«በቃሌ ብይዘው ኖሮ መነጽር መች እገዛ ነበር?» አለችው።

ዕቃውን አንድ በአንድ አውጥታ ጨረሰች። ሥጋ ሻጩ ነገሩ ከነከነውና ባዶውን ሻንጣ ሰቀለ። ሦስት ኪሎ ተኩል።

«ባዶውን?» አለች እናቴ።

«ባዶውን።»

ፈተና እንደወደቀ ተማሪ አየችኝ። «ልጄ፣ ሻንጣ እንድሸከም ነው ሻንጣ የገዛህልኝ?»

የወታደር ሚስት ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከካምፕ ካምፕ ቤት ጠቅልላ ስትጭን ኖራለች። ሻንጣውን ከሥር ለሚሄደው ልብሷ ትታ ዕቃውን ሁሉ ዘንቢሏ ውስጥ ትደረድረው ጀመር።

«እማዬ፣ በዘንቢል አውሮፕላን ላይ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ለአራሷ ገንፎ ያገነፋላታል?»

ዘንቢሉ ሰባት ኪሎ ተኩል ሆነ። ቅቤው አይነካም። እሷም የሕፃኑን ብርድ ልብስ አውጥታ ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ነጠላዋን ደረበችበት። ልታርስ ሳይሆን ልትወልድ የምትሄድ መሰለች።

በበረራው ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያለችው ሠራተኛ ዘንቢሉን ገልመጥ አድርጋ አየችና፣ «ይለፉ፣ እማማ» አለቻት። እናቴ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«አትመዝኚውም?»

«ትንሽ ዕቃ ናት፣ ችግር የለም።»

«ልጄ፣ ከሥጋ ቤት ጀምሮ ያን ሁሉ የደከምነው ለችግር የለም ነው?»

ከኋላችን ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሠራተኛዋ እየሳቀች መዘነችው፤ ስድስት ኪሎ ከሰባት መቶ።

እናቴ ዞር አለችብኝ። «ሦስት መቶ ግራም ተርፏል! ምን ይዘሃል?»

የያዝኩት ለቁርሴ የገዛኋቸውን ሁለት ብርቱካኖች ነበር። ከእጄ ነጥቃ ጨመረቻቸው።

«ሰባት» አለች ሠራተኛዋ።

እናቴ እንደ ዳኛ ራሷን ነቀነቀችና ገባች። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ዘንቢሏን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ ደረጃውን ስትወጣ አንድ መኮንን መንገድ ለቀቀላት። ያን ጊዜ ኀፍረቴ ጠፍቶ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች። እናታችን አስተናጋጇ ዘንቢሉን ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳታስቀምጥባት ተሟግታ፣ እስከ አዲስ አበባ ጭኗ ላይ ታቅፋው ሄዳለች። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ሳቋ አላስጨርስ አላት፤ ከወለደች ወዲህ በስልክ የሰማሁት ልቅሶዋን ብቻ ነበር።

ድንገት እናቴ ስልኩን ወሰደችው።

«ደርሻለሁ። አታስቃት፣ ገና አራስ ናት» አለችና ዘጋችብኝ።