የእቴ ታንጉት የጣውላ ሰንሰለት

ትናንት እዚህ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ውስጥ በአናጢዎቹ ሰፈር ሳልፍ የኒም ዛፍ ሰጋቱራ ሸተተኝ። መራራ ነው፤ ጉሮሮ ድረስ ይገባል። ከተቃጠለ ዘይት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ፣ እናንተየ፣ ሰውን ከመንገድ ያቆማል። ቆምኩ። እቴ ታንጉት ናፈቀችኝ።

ልጅ ሆኜ ባሱንዳ በምትባል የሱዳን ድንበር መንደር ጎረቤታችን ነበረች። የመተማ ሴት ናት። ባሏ ግንድ ሰንጥቆ ጣውላ የሚያወጣ ሰው ነበር፤ ወባ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በራኩባዋ፣ በሣር ዳሷ፣ ጥላ ስር የሞተር መጋዝ ዕቃ ትሸጥ ነበር፤ ሰንሰለቱን፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርሳም ፒኞን፣ ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበትን ረጅም ብረት። ገዢ ሲመጣ ታዲያ መጠየቅ ነው እንጂ መሸጥ የላትም። «ግንድ ልትጥል ነው ጣውላ ልታወጣ? ሞተርህስ ጉልበት አለው?» መልሱ ካልጣማት «ሂድ፣ አስበህ ና» ነው። ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ነጋዴ አላየሁም።

ያን ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። የምንተኛው መሬት ላይ ነው፤ ባለፈው ኸሪፍ፣ በዝናቡ ወቅት፣ ጎርፍ ጎጇችን ገብቶ እናቴን ጊንጥ ነድፏት ነበር። አባቴ «ዘንድሮ መሬት ላይ አትወልድም፣ አልጋ እሠራለሁ» ብሎ ማለ። አንድ ባለ እርሻ የወደቀ ኒም ሰጠው፤ ትራክተሩ ማሳ ሳይገባ ካላነሳው ግን ለከሰል ይሄድበታል። አባቴ እቴ ታንጉት ዘንድ ሄዶ ረጅሙን ብረት አምጭ አላት።

«ጌታሁን፣ ሞተርህ ትንሽ ናት፤ ያን አትጎትትም። አጭሩን ውሰድ።»

«ሴት ስለ መጋዝ ታስተምረኝ?» ብሎ ተነሳና ከሌላ ሱቅ ገዛ። ማሳ የሚመነጥሩበትን ሰንሰለት አጥልቆ ግንዱን በቁመቱ ሊሰነጥቅ! ያ ሰንሰለት በአግድሙ ለመቁረጥ የተሳለ ነው። ሞተሩ ጨሰ፣ የመጀመሪያው ጣውላም እንደ እባብ ተጥመዝምዞ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። እቴ ታንጉት አልሳቀችበትም። ከሱ ሞተር ፒኞን ጋር የሚገጥም የጣውላ ሰንሰለት የነበራት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሸጥ አልነበረም። ባሏ ከመታመሙ በፊት ጥርሱን አንድ በአንድ በእጁ የሳለው፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌዋ የሚያድር ሰንሰለት ነበር። አውጥታ ከአጭሩ ብረት ጋር ሰጠችው።

ከግንዱ መሀል ሲደርስ ሰንሰለቱ ዶለዶመ። አባቴ እኔን አስከትሎ ይዞት መጣ። ሞረዱን አንስታ ጥርሱ ላይ አስጠጋችና እጇ ቆመ። በላዩ ከሞረደችበት የባሏ እጅ ይጠፋል፤ ካልሞረደችው እናቴ መሬት ላይ ትወልዳለች።

«ይቅር፣ እቴ ታንጉት» አላት አባቴ።

«ዝም በል! ልጅ ጊንጥ መሀል አይወለድም» አለችና ትሞርደው ጀመር። እንባዋ እጇ ላይ ይወርድ ነበር። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በዚያው ኸሪፍ ወንድሜ አልጋው ላይ ተወለደ፤ ጎርፉ ከስሩ እየሄደ። እቴ ታንጉት እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል መጥታ፣ ከሕፃኑ በፊት የዳሰሰችው ጣውላውን ነው። የመጋዙን ሰንበር በመዳፏ እየተከተለች፣ «የባሌን ሥራ ይመስላል» አለች።

ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ የሱዳኑ ጦርነት ሁላችንንም በትኖናል። አልጋው ከእኛ ጋር እዚህ ከሰላ ድረስ መጥቷል። አናጢ ጎረቤታችን «ሻካራ ነው፣ ልላገው» ባለ ቁጥር እናቴ ትቆጣለች።

«ተወው» ትለዋለች፣ «የሰው እጅ አለበት።»