መድኃኒት ያልነካው ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሳያውቅ ሞተ። ልጆቼ አያውቁም። የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላም አያውቁም፤ ከፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴንና ቁጣዬን ስዘረዝር ይህችን አንዲቷን ዘልያት አልፋለሁ። ለምን እንደምዘላት ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። አፌ የተፈታው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

እንጉዳይ እባላለሁ። ዛሬ የምኖረው ጎንደር ከልጄ ዘንድ ነው፤ የተወለድሁት ግን ከኮሶዬ አለፍ ብሎ፣ ከደባርቅ መንገድ በእግር ገባ ባለች ትንሽ መንደር ነው። መንደራችን ቧንቧ ሲገባላት ምንጩ በሲሚንቶ ተከደነ። ውሃው ከምንጩ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከማጠራቀሚያው ወደ ቦኖው ይወርዳል። ሴቱ ሁሉ ከገደል ሥር እንስራ ተሸክሞ መውጣት ቀረለት። የውሃ ኮሚቴ ሲመረጥ ከሴቶቹ የተማርሁት እኔ ነበርሁና የማጠራቀሚያው ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ። ሥራዬ አንድ ነበር። ከወረዳ የሚመጣውን ነጭ የክሎሪን ዱቄት፣ እኛ መድኃኒት የምንለውን፣ በባልዲ በጥብጬ በየሳምንቱ ማጠራቀሚያው ውስጥ መጨመር። ያሠለጠነኝ ባለሙያ «በተለይ ክረምት ላይ አደራ፤ ጎርፉ እበቱን ሁሉ ጠርጎ ወደ ምንጩ ያወርደዋል» ብሎኝ ነበር። ረሳሁት ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልረሳሁም።

ነገሩ የተበላሸው በጠላ ነው። አዎ፣ በጠላ።

ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ጠላ ያበላሻል ይል ነበር። ጥንስሱ አይፈላም፣ ቢፈላም ይሸታል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ጎረቤቴ ዘርፌ የማኅበር ተራዋ ደርሶ የጠመቀችው ጠላ ግን ሸቶ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ የቀመስሁት እኔ ነኝ። ቀመስሁና «ዘርፌ፣ ይህን የምንወስደው ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?» አልኋት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዘርፌም አብራ ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምላሴ እንዲህ ነበር። ሰው የሚወደኝም የሚፈራኝም በምላሴ ነው፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ የከፋ ጠላ ሁሉ «የዘርፌ ክኒን» ተባለ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የእናቴ ተዝካር ደረሰ። ካህናቱ ይመጣሉ፣ ዘመድ ከጠዳም ከጎንደርም ይመጣል። ጌሾና ብቅሉ ተዘጋጅቷል። ዘርፌ በደጄ ስታልፍ ቆም አለችና ፈገግ ብላ «እንጉዳይዬ፣ ጠላው እንደምን ሊሆን ነው?» አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። ወንዙ ደፍርሷል፣ ምንጩ ተከድኗል፤ የሚጠመቅበት ውሃ ከቦኖው በቀር የለም። ሌሊቱን ሙሉ የታየኝ ካህናቱ ዋንጫውን አፋቸው አድርሰው ሲመልሱት ነው።

መድኃኒቱን ተውሁት። እኔ ተውሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልለመነኝም። እንደወትሮዬ ባልዲዬን አንጠልጥዬ ሰው እያየኝ ወደ ማጠራቀሚያው ወጣሁ፤ ክዳኑን ከፈትሁ፤ ባልዲውን ደፋሁ። ባልዲው ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። ዱቄቱ እቤቴ ከገብስ ጎታው ጀርባ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ነገር መርሳት ትሉታላችሁ? ስንፍና ትሉታላችሁ? ሰነፍ ሰው ዱቄት የሌለበት ባልዲ ተሸክሞ ዳገት አይወጣም።

ጠላው ጠላ ሆነ። ካህናቱ ደጋግመው አስቀዱ። «የእናቷን እጅ ወርሳለች» ተባልሁ፤ እናቴን የቀበርሁት ያን ቀን እስኪመስለኝ ድረስ አለቀስሁ፣ ደስ ብሎኝም አለቀስሁ። በማግሥቱ መድኃኒቱን መመለስ ነበረብኝ። አልመለስሁትም። ሴቶቹ ቦኖው ላይ ተሰልፈው «ምነው ሰሞኑን ውሃው እንዲህ ሸጋ ሆነ?» ይሉ ጀመር። ቡሄም ቀርቧል፤ ሁሉም ጠላ ሊጠነስስ ነው። ይለፍ አልሁ። ውሃውን እኔ ያጣፈጥሁት ይመስል ምስጋናውን በሆዴ ተቀበልሁ። ዝናቡ ግን በየቀኑ ይወርድ ነበር።

በነሐሴ ልጆቹ መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ ተቅማጥ ነው፣ እሸት በልተው ነው ተባለ። ቀጥሎ ማስመለስ መጣ። የእኔም ትንሹ ልጄ ታመመ፤ እሱ ዳነ። የአያ ደርሶ የልጅ ልጅ ትርንጎ አልዳነችም።

አያ ደርሶ ከምንጩ በላይ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከከብቶቹና ከዚያች ልጅ በቀር ቤቱ ሰው የሌለው ገበሬ ነው። የትርንጎ እናት ሳንጃ ነው የምትኖረው። ሳንጃ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ልጄን ወባ እንዳይገድልብኝ ብላ ወደ ደጋ፣ ወደ አባቷ ሰደደቻት። እንግዲህ አስቡት። ልጅቱ ወደ እኛ የመጣችው ከበሽታ ሸሽታ ነው።

በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ መኪናው መንገድ ሲወርዱ እኔም ከኋላ ነበርሁ። ዝናቡ አላባራም። አያ ደርሶ ጋቢውን ላይዋ ጥሎ እሱ በሸሚዝ ብቻ ይሄዳል፤ እየደጋገመ «አይዞሽ እማዬ፣ ደረስን» ይላታል። አልደረስንም። መንገዱ ሳይታይ ተሸካሚዎቹ ቆሙ።

እኔ ምን አደረግሁ? ጮህሁ? ፀጉሬን ነጨሁ? ወደ ቤቴ ሮጥሁ። ከጎታው ጀርባ ዱቄቱን አወጣሁ፤ ከልኩ እጥፍ አድርጌ በጥብጬ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገለበጥሁት። ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ስለነበር ያየኝ የለም። ከዚያ እጄን ታጥቤ ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ደረቴንም መታሁ።

በሦስተኛው ቀን የጤና ሠራተኛዋ መጣች። «መድኃኒቱን እየጨመርሽ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልሁ። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና «እውነትሽን ነው፣ ሽታውም አለ» አለች። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ ከምንጩ በላይ ያለው አጥር ተጥሶ የከብት ዱካ አገኙ። የአያ ደርሶ ከብቶች ናቸው። ከብቶቹ በዚያው ቀን ከዚያ ግጦሽ ተነሡ፣ አጥሩም ታጠረ። በሽታው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ከብቶቹ ሲነሡ በሽታው ቆመ ተባለ። መድኃኒቱን መልሼ ስጨምር ያየኝ የለምና ለሰው ሌላ ምክንያት አልታየውም። ውሃውን ያዳንሁበት እጄ አያ ደርሶን ቀበረው።

ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ በግምት አይታለፍም አሉ። እንደ ቀድሞው አውጫጭኝ ይሁን ተባለና መንደሩ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጥድ ሥር ተሰበሰበ። በአውጫጭኝ ማንም ከሸንጎው አይቀርም፤ ያየውን የሰማውን ተነሥቶ ይናገራል። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፤ ያየ፣ የሰማ፣ ያወቀ ሰው ደብቆ ቢቀር ገዝቻለሁ» አሉ። ዓይናቸው እያንዳንዳችን ላይ ዞረ። እኔ ላይም አረፈ። ዘርፌ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጉልበቴ ሊያነሣኝ ነበር። እምላችኋለሁ፣ ሊያነሣኝ ነበር።

ቀድሞኝ አያ ደርሶ ተነሣ። «ማንን ታወጣጣላችሁ?» አለ። «ከብቶቹ የኔ ናቸው። ልጅቱም የኔ ናት። እኔ ነኝ የገደልኋት።»

ቄስ ሞላ አለቀሱ። እኔ ተቀመጥሁ። ደስ አለኝ ብዬ ልንገራችሁ? አዎ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብትሉ ይህችን አፍታ እንዴት ይቅር ትላላችሁ?

ከቄስ ሞላ ፊት ይህችን ለምን እንደምዘላት አሁን ገብቷችኋል። ግዝቱ የእሳቸው ነው፤ የጣስሁት እኔ ነኝ። ቁረቢ ሲሉኝ ገና አልተዘጋጀሁም እላለሁ፤ ሰው ትሕትና አድርጎ ያይልኛል።

አያ ደርሶን ማንም ካሣ አልጠየቀውም፤ ሐዘንተኛ ነው ብለው ተውት። ግን ቤቱ የሚገባ ጠፋ። ልጆች ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ። ከብቶቹን አንድ በአንድ ሸጦ ሳንጃ ወረደ፤ ልጇን በአደራ ወደ ሰጠችው ልጁ፣ ወደ ትርንጎ እናት። እንዴት ዓይን ለዓይን ተያዩ? እንዴት አንድ ማዕድ ቀረቡ?

አንዳንዴ ራሴን እሟገታለሁ። ከብቶቹስ አጥሩን ጥሰው አልነበር? እበቱስ ከምንጩ በላይ አልነበር? ነበር። በየክረምቱ ነበር። መድኃኒቱም ለዚሁ ነበር የመጣው። ቁልፉም ለዚሁ ነበር የተሰጠኝ።

ባለፈው ኅዳር አያ ደርሶ ታሟል፣ አልጋ ይዟል ሲባል ሰማሁና ሳንጃ ሄድሁ። ልነግረው ነው የሄድሁት። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ስለማመድ ነበር። በረንዳ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ ዓይኑ ደክሟል፣ በድምፄ አወቀኝ። ልጁ ውሃ ሰጠችኝና «ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው፣ አትፍሪ» አለችኝ። ከትርንጎ ወዲህ ሳታፈላ ለሰው ውሃ ሰጥታ አታውቅም አሉ። ጠጣሁ። ከዚያ አፌን ከፈትሁ።

እሱ ግን እጄን ያዘ። «እንጉዳይ፣ እንኳን መጣሽልኝ» አለ። «ያንችንም ልጅ አሳምሜብሽ ነበር። ሳልሞት ይቅር በይኝ። ከመንደሩ አንድ ሰው እንኳ ይቅር ይበለኝ እያልሁ እግዜርን ስለምን ነበር።»

ምን እንዳልሁት ታውቃላችሁ? «ይቅር ብየሃለሁ፣ አያ» አልሁት። እጄን ሳመኝ። እኔ ይቅር አልሁት፤ እሱም እፎይ ብሎ ተኛ። ልጁ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ፣ እያለቀሰች አመሰገነችኝ።

እናንተን ይቅርታ አልለምናችሁም። ይቅርታው የአያ ደርሶ ነው፣ የትርንጎ እናትም ነው፤ ሌላ ሰው ሊሰጠኝ አይችልም። እስከ ትናንት በሕይወት እንዳለ ሰምቻለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፣ እግሬም ይሄዳል። ከጎንደር ሳንጃ መኪና በየቀኑ አለ።