የትንሿ ፓራሹት ክር

የከተማዋን ሙሽሮች በሙሉ ያለበሰችው ልብስ ሰፊ መጨነቅ አታውቅም ነበር። ሙሽራ ፊቷ ቆማ ብታለቅስ እንኳ "ዝም በይ፣ እንባሽ ሐሩን ያበላሸዋል!" ብላ የምትገላምጥ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የሰላ ሴት ናት። ዛሬ ግን በከተማው አዳራሽ፣ ከክብር እንግዶች መሀል ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ከከተማዋ ዳር ያለው የጠፈር ጣቢያ ከጨረቃ አፈር ይዞ የሚመለስ መንኮራኩር ልኮ ነበር። መንኮራኩሩ ሲወርድ መጀመሪያ ትንሿ ፓራሹት ትዘረጋና ትልቁን ስባ ታወጣለች። መንኮራኩሩ ከመላኩ በፊት ትንሿን የሚሰፋው ሰው ታመመና ሥራው ለእሷ ደረሰ። ከተማው ጉድ አለ። ዳቦ ቤቱ ሳይቀር "የጨረቃዋ ልብስ ሰፊ ዳቦ የምትገዛው እዚህ ነው" ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ።

ጭንቀቱ የመጣው መንኮራኩሩ ከሄደ በኋላ ነው። ስትሰፋ እጥፋቱ እንዳይሸሽ ለጊዜው በነጭ ክር ረዘም ረዘም አድርጋ በእጇ ትይዘዋለች፤ ሥራው ሲያልቅ ክሩን ትመዝዘዋለች። አንድ ቀን የቀሚስ ክር ስትመዝዝ እጇ ቀጥ አለ። የፓራሹቷንስ መዝዛዋለች? ከነክሯ ሄዳ ከሆነ አትዘረጋም። እሷ ካልተዘረጋች ደግሞ ትልቁ አይወጣም፤ የስንት ሰው ልፋት መሬት ላይ ይፈጠፈጣል።

ለባሏ ነገረችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ የጣቢያው ሰዎች እኮ ቁንጫ ቢገባበት በመሣሪያ ነው የሚያዩት!" አለና ጋደም አለ።

አላመነችውም። ባሏ ነዳጅ ሳይሞላ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሾፌር ነው። ለጣቢያው እንዳትናገር ደግሞ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አሁን የመንኮራኩሩ መመለሻ ሰዓት ደርሶ በአዳራሹ ስክሪን ላይ ባዶ ሰማይ ይታያል። ከጎኗ የጣቢያው ዋና መሐንዲስ አለች፤ በዕድሜ ልጇ ትሆናለች። ልብስ ሰፊዋ አልቻለችም፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ የሆዷን ዘረገፈችላት። ከዚያ ውርደቷን ጠበቀች።

መሐንዲሷ እጇን ጥርቅም አድርጋ ያዘቻት።

"ክሩ የተመዘዘ ይመስለኛል፣ እትዬ። ግን እኔም ራሴን አላምንም። የማረፊያውን እግር ብሎን እስከ መጨረሻው ማጥበቄን አላስታውስም። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ታዲያ ይህን ለእኔ መንገርሽ ሊያጽናናኝ ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጩኸት ሆነ።

"ተዘረጋች?"

"ተዘረጋች፣ እትዬ። ትልቁም ወጣ!"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ባሏ ከኋላ ወንበር ላይ ቆሞ "ሚስቴ ናት! ሚስቴ እኮ ናት!" እያለ ሰው ያስቸግራል። ልትነሣ ስትል መሐንዲሷ እጇን አልለቅ አለቻት። ዓይኗ ከስክሪኑ አልተነቀለም።

"አይሂዱብኝ፣ እትዬ። የእኔ ብሎን ገና ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

"በይ ጨፍኚ" አለቻት። "እኔ አይልሻለሁ።"