ጋሽ ሰይድ የቀበሩት ማኅተም

ዛሬ መርሳ፣ ቢሯችን ውስጥ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጠን የአገሪቱን የበጀት ጉድለት ስንቀንስ ዋልን።

ወንበሮቻችን በጦርነቱ ተዘርፈዋል። ከበላይ የመጣው ደብዳቤ ግን «ጉድለቱን ለመሙላት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ወጪውን ይቀንስ» ይላል።

ኃላፊያችን «የኮምፒውተር ጥገናው ይቀነስ» አሉ። ምክትላቸው «የለም፣ የመኪናው ነዳጅ ነው መቀነስ ያለበት» አሉ። ሁለት ጎራ ለይተን እስከ ምሳ ሰዓት ተጨቃጨቅን።

(ኮምፒውተሮቹ ከወንበሮቹ ጋር ሄደዋል። መኪናው ውርጌሳ መንገድ ዳር ተቃጥሎ ቆሟል።)

በመጨረሻ ሰጥቶ በመቀበል መርህ ተስማማን። ነዳጁም ጥገናውም አይነካ፤ የጥበቃ ሠራተኛው ይቀነሱ። ምን ቀርቶ ነው የሚጠበቀው?

እኔም እጄን አወጣሁ።

ቃለ ጉባኤው ማኅተም ያስፈልገዋልና ጥበቃችን ጋሽ ሰይድ ተጠሩ። እኛ ወደ ደሴ ስንሸሽ እሳቸው ቀርተው፣ ማኅተሙን ጓሯቸው ቀብረው አተረፉልን። ከቢሮው ንብረት የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡን። ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ከበሩ ሆነው አዩና ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ! ሥራ ጀመራችሁ ማለት ነው!» አሉን።

ኃላፊያችን ቃለ ጉባኤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የእናንተ መሥሪያ ቤትስ ማንን ቀነሰ? እስቲ ጻፉልኝ። እኛ ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ ጋሽ ሰይድም በሩን ሊዘጉ እስክንወጣ ቆመዋል።