ሦስት ነጥብ ያለበት ቀለሃ

ሮቤ ካለው ብየዳ ቤቴ ያወጡኝ አንድ ጣሳ የጥይት ቀለሃ አግኝተውብኝ ነው። ያስገቡኝ ጎባ፣ አራት እርምጃ በሦስት የሆነች ክፍል ውስጥ ነው። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ብርዱ ከታች ነው የሚመጣው። "ጥይት ፋብሪካ ከፍተሃል አሉ" ብሎኝ ጠባቂው እየሳቀ ዘጋብኝ።

ፋብሪካ! በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ሲቀበር ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ይተኮሳል። የውጅግራ ጥይት ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! እኔ የሌላ ጠመንጃ ባዶ ቀለሃ በእሳት አለስልሼ በልኩ አበጀው ነበር፤ እርሳስ የለው፣ ባሩድና ጨርቅ ብቻ። አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ጉሮሮው ይለያያል፤ በአንዱ የተተኮሰ ቀለሃ ለሌላው አልገባም ይላል። ተመልሰው ሲመጡልኝ እንዳይቀያየሩብኝ ቂጣቸው ላይ ነጥብ እመታለሁ፤ ለአንዱ ቤት አንድ፣ ለሌላው ሁለት። በገዛ እጄ የሰዎቼን ዝርዝር ናስ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩላቸው። አይ ሞኝነት!

"ነጥቡ የማን የማን ነው?" መርማሪዎቹ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። በአራተኛው ቀን እግሬ ከግርፋቱ አብጦ ጫማ ውስጥ አልገባ አለ። ያኔ የሦስት ነጥቡን ባለቤት፣ የገሰራውን ሽማግሌ ስም ጠራሁ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ አይነኳቸውም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና እሳቸውን አስገቧቸው።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ አንተ ልጅ" አሉኝ፣ ልክ ገበያ እንደተገናኘን። ወንድማቸው ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ጥይቷን ያሠሩኝ ለእኚያ ወንድማቸው ቀብር ነበር። ጥግ ይዘው ተቀመጡና "ማን ነገራቸው?" አሉ።

"አላውቅም፣ አባባ።"

እግሬን አዩት። ከዚያ ከትከሻቸው ላይ ፎጣቸውን አውርደው ሁለቱንም እግሬን ጠቀለሉልኝ።

"እሺ፣ አታውቅም" አሉ።

ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "እርስዎን ይበርድዎታል" የሚል ነው።

"አብሽር፣ እኔ ለምጄዋለሁ።"

ከሰዓት መጥተው ጠሯቸው። ቀስ ብለው ተነሡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፉና በሩ ላይ ቆመው "ነጥቡን የመታሁት እኔው ነኝ። ይሄ ልጅ ምድጃ ነው የሚጠግነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።

እኔን በሳምንቱ ለቀቁኝ። የእሳቸው ሬሳ ገሰራ የገባው ከወር በኋላ ነው። የቀበሯቸው እኚያ በሽተኛ ወንድማቸው ናቸው፤ በሰው ተደግፈው። ተኩስ አልነበረም አሉ፤ ጠመንጃው ሁሉ ተለቅሟል።

ፎጣውን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ለወንድማቸው ልመልስ ብዬ ሁለት ጊዜ ገሰራ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቴም መናኸሪያው ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ፤ በዚያው መኪና ሮቤ ተመለስኩ። ወንድማቸው "ማን ነገራቸው?" ይሉኛል፤ እኔም "አላውቅም" እላቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።