ከፊት ለፊት በር የመጣ ጨው

ጀርመን አገር የተከራየሁት አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቁልፉን የተረከብኩ ቅዳሜ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ድፎ መድፋት ነበር። ኮባ ከየት ይመጣል፤ ወረቀት አንጥፌ ጋገርኩት። ከዚያ በሬን ገርበብ አድርጌ ሰው መጠበቅ ጀመርኩ።

ምን ላድርግ፣ ያደግሁት ቡራዩ ነው። እዚያ አዲስ ቤት የገባ ሰው ማንንም አይጠራም። ጎረቤት ራሱ ሰምቶ፣ የአቅሙን ይዞ «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ይገባል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበላል። እናቴማ ሰው ያልመረቀው ቤት መጋዘን ነው ባይ ናት። ስትደውልልኝም ስለ ክፍሉ ስፋት አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ማን መጣ ብላ ነው። ገና ነው አልኳት።

እስኪመሽ ማንም አልመጣም። በደረጃው የሚያልፈው ሁሉ የተከፈተውን በር ሲያይ እርምጃውን ያፈጥናል። አንዱ እንዲያውም የረሳሁት መስሎት በትህትና ዘግቶልኝ ሄደ። ሆድ ባሰኝ። ዳቦው ከሚደርቅ ብዬ ግማሹን ቆርጬ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ሴት ከፈቱልኝ። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ አዲስ ጎረቤት ነኝ አልኳቸው፤ አመስግነው ተቀበሉኝና በሩን ዘጉ።

በማግስቱ እሳቸው አንኳኩ። በአንድ እጃቸው ዳቦ፣ በሌላው ጨው የሞላች ትንሽ ከረጢት ይዘዋል። እያቀበሉኝ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ከመሃሉ «ቤት» የሚለውን ብቻ ያዝኩ። ደሜ ፈላ። ዳቦሽ ጨው አንሶታል ማለታቸው ነው! ይባስ ብለው ዳቦ እንዲህ ነው የሚጋገር ሊሉኝ የራሳቸውን ጨምረዋል። ከአንገት በላይ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ወዲያው ለእናቴ ደውዬ እየተንጨረጨርኩ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ስል በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ ሲበርድላት፣ ከጎጃም መጥታ ቡራዩ ቤት የሠራች ጊዜ የሆነውን አጫወተችኝ። መጀመሪያ የመጡት አጥር የሚጋሩን ሽማግሌ ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ ኦቦ ብቻ ብለን የምንጠራቸው። ያኔ እሳቸው አማርኛ፣ እሷ ኦሮምኛ አይችሉም ነበር። እርጥብ ሣር ይዘው ገብተው በኦሮምኛ መረቁና ሣሩን ሰጧት። እሷም ተቀብላ በሩ ላይ ለታሰረው በግ ጣል አደረገችለት።

«ለበጉ ያመጡለት መስሎኝ ነዋ» አለችኝ። «ኦቦ በጉ ምርቃታቸውን ሲበላ ቆመው አዩ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጎረቤት የሆንነው ያን ቀን ነው። ልጄ፣ ወደ ጠላት ቤት ጨው ይዞ የሚሄድ የለም። ዳቦ እንዳታጪ፣ ኑሮሽም እንዲጣፍጥ ብለውሽ ይሆናል። ለመሆኑ መልሱን ሰጠሻቸው?»

አልሰጠኋቸውም። ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ሄድኩና አንኳኳሁ። ሲከፍቱ ፊታቸው ላይ ጭንቀት አየሁ፤ ለካ ያስቀየሙኝ መስሏቸዋል። አንጀቴን በሉት። ጎንበስ ብዬ በአማርኛ «እንቦሳ እሰሩ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥጃ በጀርመንኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ፣ የላም ልጅ እሰሩ ማለት ነው አልኳቸው።

ሳሎናቸውን ዞር ብለው ቃኙት።

«የት ላስራት?»

እጃቸውን ይዤ ወደ ቤቴ አስገባኋቸው። እሳቸው ያለችኝ አንዲት ወንበር ላይ፣ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጠን ድፎዬን በጨዋቸው ስንበላ እናቴ ደወለች። ማን መጣ ብላ ሳትጨርስ ስልኩን ለእሳቸው አቀበልኳቸው።